ከደሴ እስከ ቪየና፦ ለወጣት ተመራማሪ የትኛው የጉዞ ሽልማት ይሻላል?

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን ኮምቦልቻ ሆና የቦርከናን ውሃ ታጠናለች። ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች ናሙና ትቀዳለች፤ ጀሪካኗን ይዛ ወንዝ ዳር ነው ውሎዋ። «መምህር፣ ሦስት ቦታ ማመልከት እችላለሁ» አለችኝ። «አንዱ አውሮፓ ነው። አንዱ ናይሮቢ። አንዱ ደግሞ መጽሔት የሚሰጠው የገንዘብ ሽልማት። ፈተና ማረምም አለብኝ፣ ጊዜዬ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃኝ። የቱን ልያዝ?»

«የትኛው ብዙ ይከፍላል?» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ነው ጥያቄዬ ስህተት መሆኑ የገባኝ። እኔ ራሴ በዚያ ጥያቄ ተቃጥዬ አውቃለሁ። ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ተገናኘን። የጀበና ቡና አዝዘን፣ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድደን ሒሳብ ሠራን። ከዚህ በታች ያለው የዚያን ቀን ያወራነው ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሁኑ ወልድያ፣ መቅደላ አምባም ሁኑ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ችግራችን አንድ ነው። ሽልማቱ የሚታሰበው ከቦሌ ነው፤ የእኛ መንገድ ግን የሚጀምረው ከደሴ መናኸሪያ ነው።

መስፈርቱን እናስቀድም

*ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያወጣው ማነው?* ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ከዓመታት በፊት 1,000 ዩሮ የጉዞ ሽልማት አሸነፍኩ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ግን ታች ላይ አንድ መስመር አለች፦ ገንዘቡ የሚከፈለው ከጉባኤው በኋላ፣ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ትኬት ለመግዛት የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ ዕጣው ቀድሞ እንዲደርሰኝ አደረግሁ። የጎደለውን ከእህቴ ተበደርኩ። ሄጄ መጣሁ፣ ደረሰኙን ላክሁ፣ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ገንዘቡ የገባልኝ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ያዘገየው ምን መሰላችሁ? የአባቴ ስም። ሰይድ ፓስፖርቴ ላይ በ«ኢ» ተጽፏል፣ የሽልማት ደብዳቤው ላይ በ«ኤ»። ባንኩ «ሌላ ሰው ነው» ብሎ መለሰው። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ፣ ስንት መሐመድ፣ ስንት ይማም እንዳለ ታውቃላችሁ። እባካችሁ፣ ከመጀመሪያዋ ማመልከቻ ጀምሮ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ። ሦስቱንም ስም፣ ፊደል በፊደል።

ያኔ ዶላር በ30ዎቹ ብር ቤት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ደመወዛችን ግን በብር ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ራስህ ክፈል፣ በኋላ እንተካልሃለን» የሚል ሽልማት ዛሬ ከያኔው ይልቅ በጣም ይከብዳል። 600 ዩሮ በቀጥታ በትኬት መልክ ከተላከላችሁ፣ በኋላ ከሚመጣ 1,200 ዩሮ ሊሻል ይችላል።

*የማይሸፍነው ምንድን ነው?* በገጹ ላይ ረጅሙ ዝርዝር ይህ ሆነ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቪዛው አሻራና ቃለ መጠይቅ አንድ ጊዜ፣ ፓስፖርቱን ለመውሰድ ሌላ ጊዜ፣ ለጉዞው ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ትሄዳላችሁ። በየጉዞው የአልጋ፣ የምግብ፣ የታክሲ አለ። መንገዱ የማያመች ከሆነ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ግድ ይላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። የሼንገን፣ ማለትም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ጥናታችሁን ጉባኤው ላይ የምትለጥፉበት የፖስተር ማሳተሚያ አለ። እነዚህን የትኛውም ሽልማት በዝርዝር አይጠቅሳቸውም። ልጅቷ እነዚህን ብቻ ደምራ ቀና ብላ አየችኝ። «መምህር፣ ይኼ እኮ ከደመወዜ በላይ ነው» አለች። አዎ፣ ነው።

*ቪዛው ለጊዜው ይደርሳል ወይ?* ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መደበኛ የመልስ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ለዚህ የቀጠሮ ወረፋ ጨምሩበት። ማመልከቻ ደግሞ ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት አይቀበሉም። የሽልማት ውጤቱ የሚነገረው ጉባኤው ሁለት ወር ሲቀረው ከሆነ፣ ሽልማቱ ቢደርሳችሁም እናንተ ላትደርሱ ትችላላችሁ። የውጤት ቀኑን ሳትጠይቁ አታመልክቱ። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የሼንገን የቪዛ ሕግ ለሳይንሳዊ ጉባኤ የሚሄዱ ተመራማሪዎችን ከቪዛ ክፍያው ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። የማመልከቻ ማዕከሉን የአገልግሎት ክፍያ ያስቀራል ማለት አይደለም፤ ግን ከዩኒቨርሲቲያችሁ «ተመራማሪ ነው» የሚል ግልጽ ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ።

*ብቁ ናችሁ ወይ?* ዕድሜ፣ ከዶክትሬት በኋላ ያለፈው ዓመት፣ የማኅበር አባልነት፣ የአገር ዝርዝር። «ወጣት ሳይንቲስት» ሲሉ አንዱ 35 ዓመትን ያያል፣ ሌላው ዕድሜ ትቶ የዲግሪ ዓመት ይቆጥራል። ለኮመንዌልዝ አገሮች ብቻ የሚሰጡ ሽልማቶችም አሉ፤ ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች እነዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

አማራጭ አንድ፦ አዘጋጁ ራሱ የሚያስመጣችሁ

ገንዘብ ለሌለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። በዚህ በኩል ለፊዚክስና ለሒሳብ ሰዎች ቀድሞ የሚነሣው በጣሊያን ትሪየስተ ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያቋቁመው ዓላማው ይኸው ነበር፦ የታዳጊ አገር ሳይንቲስት ከዓለም እንዳይነጠል። ለሥልጠናዎቹና ለጉባኤዎቹ የምዝገባ ክፍያ የለም። ለተመረጡ ተሳታፊዎች የጉዞና የቆይታ ድጋፍ አለ፤ ቅድሚያውም ለታዳጊ አገሮች ነው። ገንዘቡ ለሁሉም አይደርስም፤ ማመልከቻው ላይ «ያለ ድጋፍ መምጣት አልችልም» የሚለውን በግልጽ ማስፈር ያስፈልጋል። እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ማለት ያሳፍረናል። እዚህ ግን ማፈር አያስፈልግም፤ ገንዘቡ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ የሃይደልበርግ ሎሬት ፎረም አለ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም አካባቢ ጀርመን ውስጥ ይካሄዳል። ወደ 200 የሚሆኑ ወጣቶችን ይቀበላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ማመልከት ይችላል። መኝታና ምግብ በእነርሱ ነው፤ የጉዞ ወጪ ለማይችል ድጋፍ ይሰጣሉ። ማንም ሰው በራሱ ማመልከት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

የሊንዳው የኖቤል ተሸላሚዎች ስብሰባም አለ፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር የሚካሄድ። ዕድሜያቸው ከ35 በታች የሆኑ 600 ያህል ወጣቶች ይሳተፋሉ። ግን በአብዛኛው የሚገባው በአጋር ተቋማት እጩነት ነው። የሚያቀርባችሁ ተቋም ካገኛችሁ አታመንቱ፤ ካላገኛችሁ ግን ዓመቱን በእሱ አትጠብቁ።

የዚህ አማራጭ ጉድለት ፉክክሩ ነው። ደግሞ እነዚህ ስብሰባዎች የራሳችሁን ግኝት ከማቅረብ ይልቅ መማርና መገናኘት ላይ ያተኩራሉ። የቦርከና ውጤቷን ለውሃ ባለሙያዎች ማሳየት ለምትፈልግ ልጅ ይህ መንገድ አልሆነም።

አማራጭ ሁለት፦ የሙያ ማኅበራት ድጋፍ

ሥራችሁን በትክክል ከሚረዱላችሁ ሰዎች ፊት የምትቆሙት እዚህ ነው። የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት በየፀደዩ ቪየና ላይ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል፤ ውሃ፣ አፈር፣ አየር ንብረት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁሉም አለ። ሮላንድ ሽሊች በሚል ስም የሚሰጥ የጉዞ ድጋፍ አለው። አንድ ወጥመድ ግን ልጠቁማችሁ። የድጋፍ ማመልከቻው የሚዘጋው ከዋናው የአብስትራክት (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ማቅረቢያ ቀን በፊት ነው። አብስትራክቱ ብዙ ጊዜ ጥር ውስጥ ሲዘጋ፣ ድጋፉ በፈረንጆች ዲሴምበር 1፣ ማለትም ኅዳር 22 አካባቢ ይዘጋል። ብዙ ልጆች የጥር ወሩን ቀን አይተው ተረጋግተው ይቀመጣሉ፤ ድጋፉ ሲያመልጣቸው ነው የሚነቁት። ድጋፉም ሙሉ አይደለም። የምዝገባውን ክፍያ ያስቀራል፣ ከጉዞው የተወሰነውን ይደግፋል። ቪየና ውስጥ የአንድ ሳምንት አልጋ የራሳችሁ ሊሆን ነው።

በአሜሪካ በኩል የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት የበርክነር የጉዞ ፌሎሺፕ አለው፤ ዕድሜያቸው ከ35 በታች ለሆኑ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚኖሩ አባላቱ የተዘጋጀ። አባል መሆን ግዴታ ስለሆነ አስቀድማችሁ ተመዝገቡ። የጤናና የወባ ምርምር ላይ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካ የሐሩር ሕክምና ማኅበርን የጉዞ ሽልማት ተመልከቱ። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ያንን እንደ ጠፋ ገንዘብ ቆጥራችሁ ግቡ።

ከማኅበራት ጋር አንድ መደራደሪያ አለ፣ እሱም አጭር ኢሜይል ነው። «ሽልማቱን በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። በአገሬ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ትኬቱን እናንተ በቀጥታ ብትገዙልኝ፣ ወይም የምዝገባ ክፍያውን ከሽልማቱ ላይ ብትቀንሱልኝ» ብላችሁ ጻፉ። ከምታስቡት በላይ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እኔ ያኔ ይህን ባለመጠየቄ ነው ዕቁብ ደጅ የጠናሁት።

አማራጭ ሦስት፦ እዚሁ አፍሪካ

ይህን ብዙ ሰው እንደ ሁለተኛ ደረጃ ያየዋል። እኔ አልስማማም። የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጉዳይ ውሰዱ። አይ ሲ ኤል አር የሚባለው ትልቅ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ ነበር፤ ኮሮና መጣና ኦንላይን ሆነ። በ2023 ግን ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የሚባለው የአፍሪካውያን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስብሰባ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ ናይሮቢ፣ ቱኒስ፣ አክራ፣ ዳካር፣ ኪጋሊ ዞሯል፤ ለተመረጡ አፍሪካውያን የጉዞና የመኝታ ድጋፍ ይሰጣል። የሥነ ፈለክ ሰዎችም የዓለም አቀፉን ኅብረታቸውን ጠቅላላ ጉባኤ በ2024 ኬፕ ታውን ላይ አግኝተውታል፤ አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር።

ትልቁ ጥቅም ቪዛው ነው። ኬንያ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች 30 ቀን በነጻ ታስገባለች። ስለዚህ ሦስቱ የአዲስ አበባ ጉዞ አንድ ይሆናል። የ45 ቀኑ ጭንቀት የለም። ደቡብ አፍሪካ ግን ቪዛ ትጠይቃለች፤ «አፍሪካ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ድጋፉ ትንሽ ቢሆንም ቀዳዳውም ትንሽ ነው። የናይሮቢ ትኬት ከቪየናው ጋር አይወዳደርም።

አማራጭ አራት፦ የመጽሔትና የአሳታሚ ሽልማት

ብዙ ሳይንሳዊ መጽሔቶች ለወጣት ተመራማሪ የጉዞ ሽልማት ብለው ጥቂት መቶ ዶላር ወይም ፍራንክ ይሰጣሉ። ጥሩነቱ ጉባኤውን እናንተ ትመርጣላችሁ። ማመልከቻውም ቀላል ነው፦ የሕይወት ታሪክ፣ የሥራው ማጠቃለያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። ድክመቱ አሸናፊው በጣም ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜም አንድ ወይም ሁለት ሰው። ገንዘቡም ብቻውን የትም አያደርስም። ሌላ ድጋፍ ላይ የሚደረብ ነው። የሕይወት ታሪካችሁ ላይ ግን «ሽልማት» ተብሎ ይሰፍራል፤ ይህ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ይረዳል።

ከምዝገባ ክፍያ ነጻ መሆን ብቻ፣ ወይም ኦንላይን መሳተፍ

ኔት ሲኖር ይሠራል። ሲጠፋ አቀራረባችሁ መሐል ላይ ይቆማል። ቪዲዮውን አስቀድማችሁ ቀርጻችሁ ላኩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከሽልማት አድራጊዎቹ መካከል ውሸታሞቹ

በዓመት ብዙ እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሰኛል፦ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ የጉዞ ሽልማት አሸንፈዋል፣ 400 ዶላር መመዝገቢያ ይክፈሉ።» እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። አንድ ሽልማት አስቀድማችሁ ገንዘብ እንድትከፍሉ ካደረጋችሁ ሽልማት አይደለም። ጉባኤው በአንድ ሆቴል ውስጥ ሕክምናን፣ ግብርናንና ምህንድስናን ቀላቅሎ የሚይዝ ከሆነ ራቁት። በመስካችሁ የምታነቧቸው ሰዎች ባለፈው ዓመት ተገኝተው እንደሆነ ፕሮግራሙን ፈልጉ። ባልንጀራዬ በዚህ መንገድ የሚስቱን ወርቅ አስይዞ ከፍሎ ነበር። ጉባኤው አልተካሄደም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | መጀመሪያ የሚከፍለው | ከኪስ የሚወጣው | የቪዛ ችግር | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| አዘጋጁ የሚያስመጣ (ትሪየስተ፣ ሃይደልበርግ፣ ሊንዳው) | በብዛት አዘጋጁ | የአገር ውስጥ ጉዞ፣ ኢንሹራንስ፣ ቪዛ | ከፍተኛ | ቁጠባ ለሌለው፣ መማር ለሚፈልግ |
| የሙያ ማኅበር (ቪየና፣ አሜሪካ) | ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ እናንተ | አልጋ፣ ምግብ፣ ከትኬቱ የተወሰነ | ከፍተኛ | የተጠናቀቀ ውጤት ላለው |
| አፍሪካ ውስጥ ያለ ጉባኤ | ይለያያል | ጥቂት | ዝቅተኛ (ከደቡብ አፍሪካ በቀር) | የመጀመሪያ ጉዞው ለሆነ |
| የመጽሔት ሽልማት | አሳታሚው፣ ብዙ ጊዜ በኋላ | አብዛኛው | እንደ ጉባኤው | ሌላ ድጋፍ ላለው |
| ከምዝገባ ክፍያ ነጻ መሆን፣ ኦንላይን | ማንም አይከፍልም | ኔት | የለም | ጊዜም ገንዘብም ለጠበበት |

ለማን የቱ?

ፓስፖርት ገና የሌላችሁ ከሆነ ከሽልማቱ በፊት ፓስፖርቱን ጀምሩ፤ ዘንድሮ አፍሪካ ውስጥ ያለውን ፈልጉ። ለቀጣዩ ዓመት የቪዛ ማመልከቻ አንድ ማኅተም ያለበት ፓስፖርት ባዶ ከሆነው ይሻላል።

ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ላይ ሆናችሁ ከደመወዝ የሚተርፍ ከሌላችሁ ከአዘጋጁ ቀጥታ የሚከፈል ነገር ብቻ ያዙ። «በኋላ ይተካል» የሚለውን ለመቀበል ቢያንስ የትኬቱን ዋጋ የሚያበድራችሁ ሰው ከወዲሁ እሺ ይበላችሁ። ቃሉንም ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ከሽልማቱ በኋላ መለመን ከባድ ነው።

መምህር ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው የተወሰነ የሚያግዛችሁ ከሆነ የሙያ ማኅበሩን ድጋፍና የዩኒቨርሲቲውን ውሎ አበል አጣምሩ። ግን ደብዳቤው ከመምሪያ ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ፋይናንስ ሲዞር ወር ይፈጃል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ራሳችሁ ቢሮ ለቢሮ ሂዱ። ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አትመለሱ።

ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥላችሁ ፓስፖርትና ትኬት፣ ቪዛ የሚያስፈልግበት አገር ከሆነ ደግሞ ቪዛውን ይጠይቃል። ስለዚህ የምዝገባ ክፍያውን ከቪዛ በፊት በካርድ ክፈሉ ከተባላችሁ፣ ክፍያውን ጉባኤው ላይ እንድትፈጽሙ አዘጋጁን ጠይቁ።

ልጅቷ ያን ቀን ገጹን ሦስት ቦታ ከፈለችው። ቪየና ስር ያለው ዝርዝር እስከ ገጹ ግርጌ ወረደ። ናይሮቢ ስር ያለው አምስት መስመር ሆነ። የመጽሔቱን ሽልማት ጎን ላይ ጻፈችውና «ከሁለቱ በአንዱ ላይ የምደርበው» ብላ ከበበችው። ፓስፖርት አልነበራትም። ለዘንድሮ ናይሮቢን መረጠች፤ የቪየናውን ኅዳር 22 ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ስልኳ ላይ ማንቂያ ሞላችለት።

በሚያዝያ ከቦሌ ደወለችልኝ። ከደሴ በሌሊት ተነሥታ፣ ጣርማ በርን በጭጋግ አልፋ ነው አዲስ አበባ የገባችው። ፖስተሩን በፕላስቲክ ቱቦ ጠቅልላ መንገዱን ሁሉ በጉልበቷ መሐል ይዛው መጥታለች። «ወደ ጭነት ስጪው አሉኝ፣ እምቢ አልኩ» አለችኝ። «ጎሽ» አልኳት። «ስምሽን አይተሽዋል? ፖስተሩ ላይ?» ዝም አለች። ቱቦውን ስትከፍት በስልኩ ይሰማኛል። «ልክ ነው መምህር። እንደ ፓስፖርቴ ነው የተጻፈው።»